የታኅሣሥ 18 ለሊት ያሳደሩን ሲስተሮች

ሐዋሳ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ከተማው ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከአዲስ አበባ በሉት ከሻሸመኔ ከዲላ ሰው ይጎርፋል፣ ሆቴሉም ፔንሲዮኑም ይሞላል፣ ዋጋውም እንደዛው ይሰቀላል። አምና አክስቴ ስለቴን ላግባ ብላ ከጎረቤቷ ከአንዲት እናት ጋር ልትመጣ ስትል እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት አልጋ ቡክ አድርጌ ቀብድ ከፍዬ ነበር፣ ምክንያቱም እኔ የምኖረው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው፣ እነሱን የማሳድርበት ቦታ የለኝም።

በዋዜማው ማታ 2 ሰዓት ላይ ሻንጣ ይዘን ስንደርስ ሪሰፕሽን ላይ ያለው ልጅ ክፍሉ ተይዟል አለን። በቃ። የተሻለ የከፈለ መጥቶ ነው፣ ቀብዱን መለሰልኝና ወደ ሌላ እንግዳ ዞረ። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ሳያት እንባዬ መጣ። ከዛ አምስት ቦታ ደወልኩ፣ ሁሉም ሙሉ ነው። በመጨረሻ ካቶሊክ የሆነች የስራ ባልደረባዬ ጋር ስደውል «ሲስተሮቹ ጋር ሂጂ እስቲ፣ ማረፊያ አላቸው» አለችኝ፣ የካቶሊክ ሴት መነኮሳቱን ማለቷ ነው። እውነት ለመናገር ኦርቶዶክስ ስለሆንን ይቀበሉናል ብዬ አላሰብኩም።

በባጃጅ ሄድን። ዘበኛው ማን ናችሁ ከማለቱ በፊት ለአክስቴ ወንበር አወጣላት። ሲስተሯ ስትመጣ አክስቴ ተነስታ በድሮው ወግ «እማሆይ፣ የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አለቻት። ሲስተሯ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ነች ግን አክስቴ መነኩሲት ናት ብላ እማሆይ አለቻት። ሲስተሯም ወዲያው «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» አለች። ይሄን መልስ ከአያቴ በስተቀር ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ክፍሎቹ ሞልተው ነበር እኮ። ከሌላ ከተማ ለሚመጡ ሲስተሮች የሚያስቀምጧትን ክፍል ከፈቱልን። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ መስቀል፣ ቲቪ የለም። ከዛ የጠየቀችን የመጀመሪያ ጥያቄ መታወቂያ ወይ ብር አይደለም፣ «ይጾማሉ አይደል?» ነው። የነቢያት ጾም ላይ ነን። በዛ ሰዓት ሽሮና ጎመን ተሰርቶ መጣ።

በኋላ ስለዚህ ነገር ብዙ አነበብኩ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን አገር የኖረው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳት በጻፈው ደንብ ምዕራፍ 53 ሙሉውን ስለ እንግዳ ነው። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ይቀበሉት ይላል፣ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለውን የማቴዎስን ቃል ይዞ። በተለይ ለድሀና ለመንገደኛ ተጠንቀቁ፣ ሀብታም እንደሆነ ግርማው ራሱ ያስከብረዋል ይላል። ይሄን ሳነብ ያ ሪሰፕሽን ትዝ አለኝ። ደግሞ የገዳሙ አለቃ ለእንግዳው ሲል ጾሙን መፍታት ይችላል፣ ትልቅ የጾም ቀን ካልሆነ በቀር። እኛ ጋር ነገሩ ተገልብጦ እንግዳዋ ጿሚ ሆነች፣ አስተናጋጆቹ ደግሞ ለእሷ ሲሉ የጾም ሰሩ፣ ሀሳቡ ግን ያው አንድ ነው። ምዕራፍ 66 ላይ በር የሚጠብቀው አስተዋይ ሽማግሌ ይሁን፣ ሰው ሲያንኳኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስ ይላል። መቼም የሰው በር አንኳኩቶ ተመስገን መባል እንዴት ያለ ነገር ነው!

የኛ የሐዋሳዎቹ ሲስተሮች የቤኔዲክቶስ ማኅበር አይደሉም፣ የራሳቸው ደንብ አላቸው፣ ግን ይሄ ልማድ በብዙ የካቶሊክ ማኅበራት ውስጥ አለ። ስዊዘርላንድና ጣልያን ድንበር ላይ 2,469 ሜትር ከፍታ ያለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ ማረፊያ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በበረዶ የተያዘ መንገደኛ ይቀበላል፣ ዛሬም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከሁሉም የደነቀኝ ግን የኛው ነው። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተክርስቲያን አለ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለሐበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። በእግር በረሃ አቋርጠው ኢየሩሳሌም፣ ከዛ በመርከብ ሮም ለደረሱት የኛ ሰዎች ማለት ነው። እዛ የሚጸልዩበትን ግዕዝ የሰማ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቋንቋውን ከእነሱ ተምሮ በ1513 በፈረንጆቹ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፣ በግዕዝ ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው እሱ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ እዛው ተቀምጠው በ1548 እና 49 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። ማደሪያ ያገኘ መንገደኛ ምን ሊሰራ እንደሚችል አያችሁ?

ወደኛ ስመለስ፣ በር ላይ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ይዘጋል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰው ስለነዚህ ማረፊያዎች ሲያማርር የምሰማው ይሄንኑ ነው፣ ሮም ያሉት ገዳማት ውስጥ ያደሩም እንደዛው ይላሉ። እኔ ግን ልክ ናቸው እላለሁ። ቤቱ የጸሎት ቤት ነው፣ ሴቶቹ በጠዋት ይነሳሉ፣ ያ ጸጥታ ከሌለ ደግሞ እኛን የተቀበለን ቤት ራሱ አይኖርም። ቤኔዲክቶስም እንግዳ በማንኛውም ሰዓት ስለሚመጣ መነኮሳቱ እንዳይረበሹ የእንግዳ ወጥ ቤት ለብቻው ይሁን ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የምትሄዱ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ የመግቢያ ሰዓቱን ጠይቁ፣ ድምጽ ቀንሱ።

ግን ደግሞ አክስቴ ለሊት 10 ሰዓት ለኪዳን መውጣት ነበረባት። ማታ ስትነግራት ሲስተሯ ችግር የለም ብቻ አለች። እኔ ዘበኛው ይከፍታል ብዬ ነበር፣ ስንወጣ ግን ራሷ ነጠላ ደርባ ባትሪ ይዛ በሩ ጋር ቆማለች፣ «ለኛም ጸልዩልን» አለቻቸው።

በማግስቱ ከፈልን። ነጻ አይደለም፣ ዋጋ አለው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ግን ለዛ ሆቴል ልከፍለው ከነበረው ግማሹን እንኳ አይሞላም። አክስቴ ጭማሪ ልትሰጥ ብትል እምቢ አሉ፣ ለመዋዕለ ሕፃናታችን ከሆነ ሳጥኑ እዛ ጋር ነው አሏት፣ እዛ ከተተች።

ዘንድሮ ገና ኅዳር ሳይገባ ደወለችልኝ። «ሆቴል እንዳትይዢልኝ፣ ለእማሆይ ደውይላቸው» አለች። በርበሬ እያስፈጨችላቸው ነው፣ ሁለት ኪሎ ይበቃል ወይ ትለኛለች።