ግብሩስ ተከፈለ፤ መድኃኒቱስ?

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ግብሬ ደመወዜ እጄ ሳይገባ ይቆረጣል። የባለቤቴ ወንድም ነጋዴ ነው። ቡና ላይ ከተገናኘን ክርክር አይቀርም።

«መንግሥት ግብሩን ይቀንስልን፤ ሁሉም በኪሱ ይታከም» ይላል። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው፤ የትኛው ኪስ ይችለዋል? የሱም ቢሆን! (ሱቁ ደህና ይሸጣል፤ እሱ ግን አያምንም።)

በሐምሌ 2017 ፓርላማው ከግብር ነፃ የሚሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደገ። ጥሩ፤ ኑሮው ግን ቀድሞታል።

እኔን የሚያናድደኝ የጤና መድኑ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን (የደመወዝተኛው መድን) አዋጅ የወጣው በ2002 ነው። ከሠራተኛው የደመወዙ 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ ተባለ፤ ከዚያ መጀመሩ ለዓመታት ሲገፋ ኖረ። ያኔ መምህራን ክፍል ውስጥ «ደግሞ ሌላ ተቆራጭ!» ብለን ተንጫጭተናል። ቅሬታው እውነት አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ መድን (ደመወዝተኛ ያልሆነው የሚያዋጣበት) ያላት ጎረቤቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ አወጣች፣ ተመረመረች፣ ፋርማሲው መስኮት ላይ ስትደርስ «ከውጭ ግዢ» ተባለች።

ያም ሆኖ 3 በመቶው ይቆረጥብኝ ባይ ነኝ። ለቀብር በዕድር እናዋጣ የለ? በቁም ለመታከም ምን ከበደን? ነጋዴው አማቼ ግን «መጀመሪያ መድኃኒቱን ያሳዩኝ» ይላል። ለዚችኛዋ ገና መልስ አላገኘሁላትም።