ኪትሳፕ ኩሬ ላይ ያገኘኋት ሥር የለሽ

እህቴ ሲያትል ከከተመች ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት «ሬይነር ጎዳና ላይ ቡና ስትጠጣ ከርመህ ልትመለስ ነው?» ብላ ተቆጣችኝና ከልጇ ጋር ጀልባ ላይ ጫነችን። ጀልባ ስል የጣናን እንዳታስቡ። መኪናው ከነሰዉ ነው የሚገባው። ማዶ ያለችው ከተማ ብሬመርተን ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ከዚያ ኪትሳፕ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ወዳለ አንድ መናፈሻ ነዳን። ግንቦት ነው። ኩሬው ላይ ቢጫ አበባ ፈክቷል። ከእያንዳንዱ አገዳ ሥር አረንጓዴ ኮከብ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል፤ የብስክሌት ጎማ ራጂ ነው የሚመስለው።

«ሲያምር!» አለች እህቴ። እኔ ግን የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እምቦጭም ሲያዩት ያምራል። እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ስነቅለው ውያለሁ። እጄ ለመደና እጅጌዬን ሰብስቤ አንዷን ጎተትኩ።

ሥር የላትም! እጄ ላይ የቀረው እንደ ረጠበ ፀጉር ያለ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እባክህ ተዋት!» አሉ። ለካ የተበጠሰ ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። እየነቀልኩ መስሎኝ እየዘራሁ ነበር።

ስሟ ዩትሪኩላሪያ ኢንፍላታ ነው። አገሯ እዚያው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ በኩል ነው። ዋሽንግተን ግዛት ላይ ግን መጤ ናት። በአንድ ፓስፖርት መጤ መባል ይገርማል። ስትበዛ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ትሸፍንና ለነባሩ ተክል ብርሃን ትነሳለች።

ፍሬ የመሰለኝ ደግሞ ወጥመድ ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ውሃውን ከውስጡ እያስወጣ ጎኑ ይሰረጉዳል። የትንኝ እጭ ወይም የውሃ ቁንጫ በሩ ላይ ያለውን ፀጉር ሲነካ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እንስሳውን ከነውሃው ሙልጭ አድርጎ ይስበዋል። ዓይን አያየውም። ዳርዊን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1875 እንስሳቱ በሩን በጭንቅላታቸው ገፍተው የሚገቡ መስሎት ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሳስረዳው «አጎቴ፣ ጣቴን ትበላለች?» አለና ነከረው። ጠበቀ። ምንም የለም። አኮረፈ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ እጅጌዬን ሳይ አንድ ክር ተለጥፋብኛለች። ባሕሩ ውስጥ ልጥላት ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ጨው ውሃ ነው እኮ፣ ትሞታለች» ብላት አልሰማችኝም። በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።