በምሽት የማይነሣው ፕሪአምፕ፦ ፕሮሰሰሩን ከመጠርጠር በፊት የኃይል ክፍሉን መለካት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የተሠራና ሁለት 12ኤኤክስ7 ቱቦዎች (ድምፅ የሚያጎሉ የመስታወት ቫኩም ቱቦዎች) ያሉት፣ በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ በሚለዋወጡበት ዲጂታል ቋንቋ) የሚታዘዝ የጊታር ፕሪአምፕ (የጊታሩን ደካማ ድምፅ ከዋናው አምፕሊፋየር በፊት የሚያጎላ መሣሪያ) አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ያለ እንከን ከሠራ በኋላ መነሣት አስቸገረው። ሲበራ ቱቦዎቹ ይግላሉ፤ የቁጥር ማሳያው ግን ስምንት ስምንት ብሎ ይቀራል፣ ቁልፎቹ አይታዘዙም፣ ውስጡ ያሉት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ድምፅም አይወጣም።

የጥገና ልምድ ያላቸው ወዳጆቼ የጠረጠሩት ፕሮሰሰሩንና ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቺፕ ነበር። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም፤ በሶኬት የተተከለ ቺፕ እግሩ ዝጎ ግንኙነት ሊያጣ ስለሚችል፣ ነቅሎ መመለሱ አንዳንድ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። (በነገራችን ላይ በቺፑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንሣት አይገባም፤ ከሥሩ ያለው የመስታወት መስኮት ለአልትራቫዮሌት ብርሃን ከተጋለጠ ፕሮግራሙ ውሎ አድሮ ሊጠፋ ይችላል።) እኔን ግን አንድ ምልክት ወደ ሌላ አቅጣጫ መራኝ፦ መሣሪያው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በደንብ ሲነሣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ግን እምቢ ይላል። የዛገ ሶኬት ደግሞ ሰዓት አይመርጥም።

የግድግዳው ሶኬት ሲለካ ሌሊት 220 ቮልት የነበረው ምሽት ላይ 190 ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ የሚሠራው በአውራጅ ትራንስፎርመር ነው፤ ይህ ዓይነቱ ትራንስፎርመር የገባለትን በግማሽ ይከፍላል እንጂ አያረጋጋም፤ ስለዚህ በምሽት የሚሰጠው 95 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የሰፈሩ መብራት ድሮም ምሽት ላይ ይወርድ ነበር፣ መሣሪያውም ያኔ ይነሣ ነበር። ከዚህ የተነሣ በውስጡ አንድ የደከመ ነገር እንዳለ ገመትኩ።

ሽፋኑን የሚከፍት ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ለቱቦዎቹ የሚሄደው ቮልት በመቶዎች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል፣ ካፓሲተሮቹም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ይዘውት ይቆያሉ። እኔ በዚህ ክፍል የተጠራቀመውን ኃይል በ10 ኪሎ ኦም፣ በ5 ዋት ሬዚስተር በኩል አስወጥቼ፣ በቴስተር ዜሮ መድረሱን ሳላረጋግጥ ጣቴን አላስገባም።

ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚሰጠው 7805 ሬጉሌተር (ቮልቱን 5 ላይ አረጋግቶ የሚያወጣ ክፍል) ነው፤ መውጫው በ4.8 እና በ5.2 ቮልት መካከል መሆን ሲገባው በምሽት 4.7 ያሳያል። መግቢያው 8.1 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ስለነበረ ሬጉሌተሩ ራሱ ተበላሽቷል ብሎ መቀየር ይቀል ነበር፤ ሬጉሌተሩ ከመውጫው 2 ቮልት ያህል የሚበልጥ ግቤት እስካገኘ ድረስ መሥራት አለበትና። ይሁን እንጂ በዲሲ የሚነበበው ቁጥር አማካይ ብቻ ነው። ቴስተሩን የሚዋዥቀውን ክፍል ብቻ ወደሚለካው ኤሲ አዙሬ ያንኑ ነጥብ ስለካ 1.2 ቮልት አሳየ፤ ይህም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰላ 4 ቮልት ያህል መዋዠቅ ነው። እንግዲህ አማካዩ 8.1 ሲሆን ዝቅተኛው ነጥብ ወደ 6 ቮልት ይወርዳል፤ በዚያች ቅጽበት ሬጉሌተሩ 5 ቮልት መያዝ ያቅተዋል፣ ፕሮሰሰሩም ሥራውን ሳይጀምር ይቋረጣል። በእኛ አገር ሁኔታውን የሚያብስ ሌላም ነገር አለ፦ መብራታችን 50 ኸርዝ በመሆኑ ከሬጉሌተሩ በፊት ኃይሉን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር የሚሞላው በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ በአሜሪካ 120 ጊዜ ነው። በመካከል ብቻውን ጭነቱን የሚሸከምበት ጊዜ ስለሚረዝም፣ መዋዠቁ በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል።

ጥፋተኛው ከሬጉሌተሩ በፊት ያለው 4700 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር ነበር። አናቱ አላበጠም፣ ፈሳሽም አልወጣውም፤ ፈትቼ ስለካው ግን 1500 እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ውስጡ መድረቁ የዕድሜ ጉዳይ ስለሆነ ሠሪውን አልወቅስም። በዚያው መጠን፣ 25 ቮልትና 105 ዲግሪ በሚችል ካፓሲተር ተካሁት፤ ፖላሪቲው (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫው) ከተገለበጠ ሊፈነዳ ስለሚችል የቦርዱን ምልክት ደግሜ አይቻለሁ። በዚያው የምሽት ሰዓት መግቢያው 9.3 ቮልት፣ በኤሲ የሚለካው መዋዠቅ 0.4፣ መውጫው 5.01 ሆነ፤ ማሳያውም ወዲያው ቁጥር አንድን አሳየ።

የቀረው መሣሪያው ሲጠፋ የተቀመጡትን ድምፆች የሚይዘው የማስታወሻ ባትሪ ነበር። የ3 ቮልቱ ሊቲየም ባትሪ ወደ 1.9 ወርዶ ስለነበረ የተቀመጡት ድምፆች ተበላሽተዋል። ከቦርዱ ጋር ተበይዶ የነበረውን አንሥቼ በቦታው የባትሪ መያዣ አስገባሁ፤ ከእንግዲህ መቀየር ሲያስፈልግ ብየዳ አይጠይቅም። ድምፆቻቸው ያልጠፉባቸው ሰዎች ባትሪውን ከማንሣታቸው በፊት፣ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒዩተር ቢያስተላልፏቸው ይሻላል።

አሁን ከአውራጁ ትራንስፎርመር በፊት ለፍሪጅ የሚሸጠውን ዓይነት ስታቢላይዘር አስገብቻለሁ። አንደኛው ቱቦ በጣት ሲነካ ድምፅ ያሰማል፤ እርሱን ግን ምትክ እስካገኝ ትቼዋለሁ።