የጎፍ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ኮምቦልቻ አጠገብ ወዳለው የጎፍ ደን ሄድን። ማልደን ከደሴ ሚኒባስ ያዝን። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ጆሮ ድፍን ይላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ፣ እና ደሴ ላይ እስከ አንገታችን የቆለፍነውን ጃኬት ገና ታች ሳንደርስ አወለቅነው።

ከዚያ በእግር ነው። መጀመሪያ ባህር ዛፍ ይቀበላችኋል። ከፍ ስትሉ ጥዱና ወይራው ይመጣል፣ የአየሩም ሽታ ይለወጣል። አያቴ የእርጎ ዕቃ የምታጥነው በወይራ ስለነበር እኔ እዚያ ስደርስ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ።

ልጁ የመጣው አውሬ ለማየት ነው። ግማሽ ሰዓት ሄድን፣ ምንም የለም። "አጎቴ፣ የታሉ?" አለኝ ጮክ ብሎ። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ሰምተው ሳቁ። "አብሽር ልጄ፣ ቁጭ በልና ዝም በል፣ ራሳቸው ይመጣሉ" አሉት።

ተቀመጥን። እውነትም መጡ። መጀመሪያ ጦጣዎች፣ አንዷ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ። ቀጥሎ ያ ምንቃረ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ትልቅ ቁራ። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም፤ እኛ ግን ደሴ ላይ በየጣሪያው ስለምናየው ዞር ብለን እንኳን አናየውም። ትናንሽ ወፎች ደግሞ ጥዱ ላይ ፍሬ ይለቅማሉ። የጥድንም የወይራንም ፍሬ ወፍ ውጦ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጥለዋል፣ ዘሩም እዚያ ይበቅላል። ይህን ስነግረው ልጁ "ስለዚህ ደኑን የተከሉት ወፎች ናቸው?" አለ። በራሱ የበቀለውን ጥድና ወይራ፣ በብዛት አዎ። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፣ ግን ያለውን ሽማግሌ ዛፍ ከቆረጥነው ለወፉ ምን ይቀረዋል?

ያናደደኝ ነገርም አለ። ጥላው ሥር የውሃ ፕላስቲክ ተበትኗል፣ ከታች ደግሞ ሰዎች ስፒከር ከፍተው ነበር። እባካችሁ፣ ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ውረዱ። ለጦጣም ብስኩት አትስጡ፤ ከለመደች ነጥቃ ትወስዳለች፣ ከዚያ ድንጋይ የሚወረወረው እሷ ላይ ነው።

ድኩላ ሳናይ ተመለስን። ድኩላ ከጥሻ የሚወጣው ንጋትና አመሻሽ ላይ ነው፣ እኛ ስንደርስ ፀሐይ ከርራ ነበር። በሚቀጥለው ኮምቦልቻ አድረን 12 ሰዓት ላይ እንወጣለን።