ባለዘፈኑ መድረክ ላይ ሲወጣ

የድሮ ዘፈን የሚጫወት ባንድ ኮንሰርት ባለቀ ማግስት በአድናቂዎች መሀል የሚነሳው ክርክር አይለወጥም፤ «ሸክላው ላይ እንዲህ አይደለም!» ኪዩ (ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) ወርዷል፣ ፍጥነቱ ጨምሯል፣ ሳክስፎኑ ሌላ መንገድ ሄዷል። ክርክሩ የሚጦፈው ደግሞ ከ50 ዓመት በፊት ዘፈኑን ያስቀረጹት ሰው ራሳቸው እንግዳ ሆነው የወጡ ለታ ነው። ሰው ሁለት ነገር በአንዴ ይፈልጋል፤ አንጋፋውን በአካል ማየት፣ የ25 ዓመት ድምፃቸውን ደግሞ መስማት። ሁለቱ አብረው አይመጡም። እኔ የቆምኩበት ወገን ግልጽ ነው፦ ባለዘፈኑ በመጡበት ምሽት መለኪያው ሸክላው ሳይሆን ዛሬ ያላቸው ድምፅ ነው፤ ባንዱም የሚመዘነው ያንን ድምፅ ደግፎ በመያዙ ነው። ሸክላውን የፈለገ ቤቱ ሄዶ ያጫውት።

በዚህ ነገር የውጭዎቹ ባንዶች ጥሩ ማሳያ ይሆናሉ (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳዩ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ በኩል የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተሰበሰበበትን የኢትዮፒክስን ተከታታይ አልበሞች በ1990ዎቹ መጨረሻ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ የእኛን ወርቃማ ዘመን ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ከቦስተን እስከ ፓሪስ በቅሏል። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ 10 ሰው ያለበት የጃዝ ባንድ ነው። በጥር 2004 አዲስ አበባ መጥቶ ያቀረበው ኮንሰርት የኢትዮፒክስ 20ኛ አልበም ሆኖ ወጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ባህታ ገብረሕይወት፣ ፀደኒያ ገብረማርቆስና ሚካኤል በላይነህ በእንግድነት አሉበት። ባንዱ ሸክላ አልገለበጠም፣ የራሱን ቅንብር ይዞ ነው የመጣው። ጆሮው ሸክላ ላይ ለቀረ ሰው ይሄ ያስቆጣል። ለእኔ ግን እንግዳውን የሚያከብረው ይሄ ነው፤ አንጋፋው የወጣትነታቸውን ቅጂ እንዲያሳድዱ አይገደዱም።

የሆላንዱ ዘ ኤክስ ከዚህም ይርቃል። ከ1979 ጀምሮ ያለ የፓንክ ባንድ ነው፣ ጊታሩ ይፋጫል። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው፤ ሁለቱ ተገናኝተው በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አወጡ። በወረቀት ላይ የማይሆን ጋብቻ ነው። የሆነበት ምክንያት ግን ቀላል ነው፤ ሽለላ በተቆጠረ ምት አይታሰርም፣ ሸላዩ እስኪጨርስ የሚጠብቅ አጃቢ ነው የሚፈልገው። ባንዱ መጠበቅ ያውቅ ነበር። ሳክስፎኑ ሲጣራ ጊታሮቹ አንድ ቦታ ላይ ይንጓጓሉ፣ ሲመለስ አብረው ይወድቃሉ። ብዙ በኖታ የሰለጠነ ባንድ ይሄን አይችለውም።

ሦስተኛው መንገድ የፓሪሱ አካሌ ውቤ ነው። ስሙን ራሱ የወሰደው ከጋሽ ጌታቸው ዜማ ነው፤ በ2017 ከግርማ በየነ ጋር የሠራው አልበም የኢትዮፒክስ 30ኛ ሆነ። ግርማ በየነ በወርቃማው ዘመን ፒያኒስት፣ ግጥም ደራሲና አቀናባሪ ሆነው ለሌሎች ብዙ የሠሩ፣ በራሳቸው ድምፅ ግን ጥቂት ብቻ ያስቀረጹ ናቸው፤ በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመለስ ባንዱ ለድሮው ድምፅ ቅርብ ቢሆን ይሻላል፤ ኦርጋኑም የትንፋሽ መሣሪያውም ቦታው ላይ ሲሆን ባለዘፈኑ መግቢያቸውን ሳይፈልጉ ያገኙታል። አገር ቤት ደግሞ የግሩም መዝሙር አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት አለ። አንጋፋውን የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞን ለአንድ ዘፈን ጠርቶ አላሰናበተም፣ የባንዱ አባል አደረጋቸው። ከሁሉም የምወደው ይሄኛውን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ልምምድ ሳይጀመር ነው። ሙዚቀኞቹ ዘፈኑን ከዩቲዩብ ያወጣሉ፤ የዩቲዩቡ ከካሴት፣ የካሴቱ ከሸክላ የተገለበጠ ነው። በመንገዱ ላይ አንዱ ማጫወቻ 3 በመቶ ከፈጠነ ዜማው ሩብ ቶን ይወጣል፣ 6 በመቶ ከፈጠነ ግማሽ ቶን። ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን የቢ ፍላት፣ አልቶ የኢ ፍላት መሣሪያዎች ስለሆኑ ትንፋሽ የበዛበት ባንድ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላትና ኤፍ ይቀናዋል። ያወጣችሁት ኪይ ቢ ወይም ኢ ከሆነ፣ አለዚያም በሁለት ኪይ መሀል ከተንጠለጠለ፣ መጀመሪያ ቅጂውን ጠርጥሩ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ስታስተካክሉ ፍጥነትና ኪይ አብረው የሚቀየሩበትን ተጠቀሙ፤ የተዛቡት አብረው ነውና። ኪዩን ብቻ ከመለሳችሁ ዘፈኑ የድሮው ባንድ ባልተጫወተው ፍጥነት ይቀራል፣ ከበሮ መቺውም ያንን ያጠናል።

ቀጥሎ የእንግዳው ኪይ። በስልክ «በምን ኪይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ብዙዎቹ «እንደ ሸክላው» ይላሉ፣ ለክብራቸው። ኪቦርድ ብቻ ይዛችሁ ሂዱና የዘፈኑን መጀመሪያ ሳይሆን ከፍ የሚለውን ቦታ አስዘፍኗቸው። ሰው መነሻው ላይ ሁልጊዜ ይመቸዋል፤ የሚሰበረው አዝማቹ ላይ ነው። ከፍ ያለውን ቦታ 3 ጊዜ ደጋግመው ካልተቸገሩ ኪዩ ተገኘ። ከተገኘውም ግማሽ ቶን ዝቅ ያለውን አዘጋጅታችሁ ያዙ፣ በኮንሰርቱ ዕለት ጉሮሮ እንዴት እንደሚያድር አይታወቅም። ከሌላ አገር በርረው ለሚመጡ እንግዶች ይሄ ግዴታ ነው፤ የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው፣ እንቅልፉም ይዛባል።

ኪዩ አንድ ቶን ተኩል ወረደ እንበል፣ ከኤፍ ወደ ዲ። ዘፋኙ ተመቻቸው፤ አሁን የሚቸገረው ባንዱ ነው። ባሱ ዝቅተኛው ኤፍ ላይ ይቆም ከነበረ ባለ 4 ክር ባስ ላይ ያ ዲ የለም፤ ወይ ባለ 5 ክር ይፈለጋል ወይ የኢ ክር ወደ ዲ ይወርዳል። በየራሳቸው ኖታ ትራምፔቱ ከጂ ወደ ኢ፣ አልቶው ከዲ ወደ ቢ ይሻገራል፤ ጣት ይለመዳል፣ ችግሩ ድምቀቱ ነው። ከፍ ብሎ ያበራ የነበረው የትራምፔት ጥሪ ወደ መሀል ወርዶ ይደበዝዛል፣ አድናቂውም «ባንዱ ቀዘቀዘ» ይላል። መፍትሔው ድምፆቹን መልሶ ማደል ነው፦ ቴነሩ የያዘውን መስመር ወደ ላይ አንድ ኦክታቭ ለትራምፔቱ ስጡ፣ የትራምፔቱን ለቴነሩ። ዜማው አይለወጥም፣ ብርሃኑ ይመለሳል። ኖታውን በኮምፒውተር ዝቅ አድርጎ ማተም ብቻ ግን ሥራ አይደለም።

የቅኝቱ (ዜማው የሚሠራባቸው 5 ድምፆች) ነገር ቢተው ደስ ባለኝ፣ ግን በየኮንሰርቱ ይሰማል። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ኪቦርዲስቱ ሥሩ ሲ ነው ብሎ የሲ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲይዝ ኢ ፍላት ይገባል፤ ያ ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የለም፣ ዘፋኙም ከኤፍ ወደ ዲ ፍላት ሲወርዱ መሀል ላይ ባዕድ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሲና ጂን ብቻ መያዝ፣ ወይም ኤፍ መጨመር ይበቃል። አንቺሆዬ ላይ ይብሳል፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፣ ሙሉ ጂ እንኳ የለውም። የጃዝ ሰዎች ኮርድ ማብዛት ሲያምራቸው ለሶሎው ያቆዩት፤ እንግዳው እየዘፈኑ ሳለ ኮርድ በቀነሰ ቁጥር ጥሩ ነው።

ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት በሁለት የሚረግጥ ባለ 6 ነው። የውጭ ከበሮ መቺዎች አንዳንዴ በ3 ይቆጥሩትና ዋልስ ይሆንባቸዋል፤ ታዳሚው ማጨብጨብ ሲጀምር ከባንዱ ይጋጫል። ትክክል መሆኑን ማወቂያው እስክስታ ነው፦ ትከሻው በባስ ከበሮው ካልወደቀ አቆጣጠሩ ተሳስቷል። ሌላው በሽታ ፍጥነት ነው። ልምምድ ላይ በደቂቃ 112 የነበረ ዘፈን ጭብጨባ ሲሰማ 124 ይገባል። ወጣት ዘፋኝ ይችለዋል፤ የ75 ዓመት ሰው ግን በሁለት ስንኝ መሀል የሚተነፍሱበት ቦታ ይጠፋል። ከበሮ መቺው ጆሮ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 4 ባሮች (የምት ክፍሎች) ብቻ ክሊክ፣ ማለትም ፍጥነት የሚቆጥር ድምፅ፣ ማሰማት ይረዳል። እስከ መጨረሻው ክሊክ ማድረግ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም አንጋፋዎቹ ስንኝ ይስባሉ። ሸክላው ላይ 8 ባር የነበረ ቦታ መድረክ ላይ 10 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከባንዱ አንድ ሰው ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ኪቦርዲስቱ፣ የዘፋኙን አፍ እያየ ለሌላው ምልክት ይስጥ፤ ጣት ወደ ላይ ሲሆን ወደ አዝማች፣ እጅ ሲጨበጥ ማብቂያ። ሁለት ሰው ምልክት የሚሰጥበት ባንድ አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይጨርሳል።

መድረኩ ላይ ብዙ የሚረሳው ሞኒተር፣ ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ፣ ነው። ለዕድሜ ባለጸጋ እንግዳ ከፊት ለፊት ሁለት ሞኒተር፣ ውስጡ የራሳቸው ድምፅ፣ ኪቦርድና ጥቂት ባስ፤ ትንፋሽ መሣሪያ አይጨመርበት፣ እሱ ያለ ማጉያም ይደርሳል። ትራምፔቱን ከጀርባቸው አታቁሙ። ወደ ጎን ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት፤ አለዚያ በማይኩ በኩል ይገባና ድምፅ ባለሙያው ማይኩን ሲቀንስ ዘፋኙም አብረው ይጠፋሉ። ማይክ ደረታቸው ላይ የሚይዙ ካሉ አስቀድሞ ማወቅ ነው እንጂ «ያስጠጉት ጋሼ» ብሎ በሕዝብ ፊት መናገር ነውር ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር ለምደው የማያውቁ ሰው ላይ በኮንሰርቱ ዕለት አይሞከርም። ግጥሙ በትልቅ ፊደል ታትሞ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፣ ባይፈልጉትም። መደገፊያ ያለው ወንበርም ይኑር።

እንግዳው ቪብራፎን (በዱላ የሚመታ ባለ ብረት ሰሌዳ መሣሪያ) የሚጫወቱ ከሆነ ሌላ ዓለም ነው። ባለ 3 ኦክታቭ መሆኑን፣ ፔዳሉ በትክክል ማፈኑን፣ ሞተሩ መሥራቱን ከ2 ቀን በፊት እዩ። ሁለት ማይክ ከላይ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከከበሮው አጠገብ ከቆመ ማይኮቹ የሚያነሱት ሲምባል ነው።

መቼ ይውጡ? ፖስተሩ ላይ ፎቷቸው ተለጥፎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ዘፈን ዘፍነው የሚሄዱበት ልማድ ይቁም። በ75 ደቂቃ ዝግጅት ውስጥ 25ኛው ደቂቃ ግድም ጥሩ ነው፤ ድምፅ ባለሙያው አዳራሹን ለምዷል፣ ታዳሚው ሞቋል፣ እሳቸውም አልደከሙም። 3 ዘፈን፣ መሀሉ ላይ በባንዱ ብቻ የሚሄድ አንድ ረጅም ሶሎ፣ ከዚያ ዕረፍት። ፖስተሩም «3 ዘፈን» ብሎ ይጻፍ፤ ሰው ሙሉ ምሽት ጠብቆ ሲያጣ ስድቡ የሚያርፈው በአዘጋጁ ላይ ሳይሆን በሽማግሌው ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ሳምንት ኮንሰርቶች ላይ፣ አንድ ባንድ ለብዙ ዘፋኝ በሚያጅብበት ምሽት፣ ይህ ቁጥር ካልተጻፈ ሰዓቱ ራሱ ይጠፋል።

ፈቃድም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ዜማና ግጥም ለደረሰው መብት ይሰጣል፤ የዘፈነው ሰው የዜማው ባለቤት ላይሆን ይችላል። ባለዘፈኑ መድረክ ላይ ስላሉ ብቻ «ፈቃድ አግኝተናል» የሚሉ አዘጋጆች የዜማ ደራሲው ልጆች ሲመጡባቸው ነው የሚነቁት።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሁሉም እንግዳ አንድ ላይ የሚወጣበት ልማድ አለ፤ 4 ዘፋኝ፣ 4 ኪይ። የሚመረጠው የትልቁ ሰው ኪይ ነው። ሌሎቹ የወረደባቸው እንደሆነ አዝማቹን በኦክታቭ ወደ ላይ ይውሰዱት፣ ወይም ያጨብጭቡ።