ዲያማንና ስታርሌት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን የፈረንሳይን ዲያማን ሮኬት ይዤ ተቀምጫለሁ። ስሙ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው አስቴሪክስ ስለተባለችው ሳተላይት ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1965 ከአልጄሪያ በረሃ፣ ከሃማጊር ወጣች፤ ፈረንሳይም በራሷ ሮኬት ሳተላይት ያመጠቀች ሦስተኛዋ አገር ሆነች። የዚያን ጊዜው ዲያማን የመጀመሪያ ክፍል በናይትሪክ አሲድና በተርፐንታይን ነበር የሚነደው። አዎ፣ ቀለም ቀቢዎች ቀለም የሚያቀጥኑበት ተርፐንታይን!

እኔን ግን የያዘችኝ ስታርሌት የተባለችው ሳተላይት ናት። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1975 በፈረንሳይ ጉያና ካለው የኩሩ ማስወንጨፊያ፣ ዲያማን ቢፒ4 በተባለው አዲስ የዲያማን ዓይነት ተወነጨፈች። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት የዲያማን ሙከራዎች፣ የ1971 መጨረሻውና የ1973ቱ፣ ከሽፈዋል። አዲሱ ሮኬት ሁለተኛ ክፍሉን የወሰደው ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሚሳይል ነው።

ስታርሌት ባትሪ የላት፣ ሬዲዮ የላት፣ ካሜራ የላት። 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ድቡልቡል ነገር ናት፤ ከእግር ኳስ እምብዛም አትበልጥም። ላይዋ ላይ 60 ብርሃን መላሽ መስታወቶች ተተክለዋል። ከምድር ሌዘር ይተኮሳል፣ ብርሃኑ ነክቷት ይመለሳል፣ የፈጀው ጊዜ ይለካል። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

ክብደቷን ሳይ ግን ቆም አልኩ፦ 47 ኪሎ ግራም። ይዘቷን ሳሰላው 7.2 ሊትር ገደማ መጣልኝ። በውኃ ብትሞላ 7 ኪሎ ብቻ በመዘነች ነበር። ምሥጢሩ ውስጧ ነው፤ እምብርቷ የዩራኒየም ቅይጥ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየርና የፀሐይ ብርሃን ቀላል ነገርን በቀላሉ ይገፋሉ። ትንሽና ከባድ ነገርን ግን ያን ያህል አያነቃንቁም። ስለዚህ መንገዷ ሲወዛወዝ፣ በአብዛኛው የምድር ስበት አለመስተካከል ነው ማለት ይቻላል። ብልጠት ማለት ይሄ ነው።

ኤክሴል ላይ የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ፣ ማለትም የምህዋርን ስፋት ከአንድ ዙር ጊዜ ጋር የሚያያይዘውን ሕግ፣ ሞከርኩባት። ዝቅተኛ ከፍታዋ 805፣ ከፍተኛው 1,108 ኪሎ ሜትር ነው። አማካዩን ወስጄ ሳሰላ አንድ ዙር 104 ደቂቃ ወጣ፤ ከታተመው ቁጥር ጋር ገጠመ። 805 ኪሎ ሜትር ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ስትሆን፣ ሌዘሩ ደርሶ ለመመለስ 5.4 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ሰዓቱ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ከሳተ፣ ርቀቱ በ15 ሳንቲ ሜትር ይዛነፋል። ዋናው ፈተና ሮኬቱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ መሆኑ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ ካስቶርና ፖሉክስ የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ ሳተላይቶች ናቸው። በ1973 ከሮኬቱ ጋር ጠፉ፣ ምትካቸው በሜይ 1975 ወጣ። ካስቶር ካክተስ የሚባል መሣሪያ ነበራት። ስታርሌት የምትቋቋመውን ያንኑ የአየርና የብርሃን ግፊት ለመለካት የተሠራ ነው። የስታርሌትንና የካስቶርን ምህዋር ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጬ እመለሳለሁ።