ጃፓን ሆነሽ ሰሰትሽ?

ፎቶዬን ከለጠፍኩ ወዲህ ቴሌግራሜ እረፍት የለውም። «ያቺን ባለ አበባ የሐር ጃኬት ላኪልን እንጂ! ጃፓን ሆነሽ ሰሰትሽ?» ዋጋዋን ሲገምቱማ ጉድ ነው።

ስሟ ሃኦሪ ነው። ከኪሞኖ፣ ማለትም ከጃፓኖች ረጅም ባህላዊ ልብስ፣ ላይ ትደረባለች፤ ፊቷ ክፍት ነው፣ ደረት ላይ በገመድ ትያያዛለች። ቶኪዮ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ብትወጡ በ1,000 የን ታገኟታላችሁ፤ ቆሎ በሉት። አያቶች ሲሞቱ ልጆቻቸው ቁም ሣጥኑን ያራግፉታል፣ የሚለብሰው ግን የለም። የእኔዋ ጥቁር ሰማያዊ ናት፣ ነጭና ቀይ አበባ የፈሰሰባት። ናፍታሊን ናፍታሊን ትላለች።

እዚህ አገር ባቡር ውስጥ ሰው ሰውን አያናግርም። ባቡሩ ጢም ብሎ እንኳ ከሐበሻ ጎን ያለው ወንበር ባዶ የሚሆንበት ቀን አለ። ታዲያ ሃኦሪዬን ጂንስ ላይ ደርቤ ቆሜ ሳለ፣ አንዲት ፀጉራቸው የነጣ እማማ መጡና እጃቸውን ወደ አንገቴ ሰደዱ። ክው አልኩ! ኮሌታዬን ከኋላ በግማሽ አጠፉት። ቀጥለው ከእጅጌዬ ጫፍ ነጭ ክር በጥፍራቸው ይመዙ ጀመር። ለካ አዲስ ልብስ ቅርጹን እንዲይዝ ላላ ተደርጎ የሚሰፋ፣ ሲለበስ የሚነቀል ክር ነው። ጃኬቷ ያን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልተለበሰችም ማለት ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ትቶ እኔን ያያል። እማማ ክሩን ጠቅልለው መዳፌ ላይ አኖሩት፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ሄዱ። ትንፍሽ አላሉም።

እንዲህ ያሉትን ጃፓኖቹ ራሳቸው «የኪሞኖ ፖሊስ» ይሏቸዋል። እኛስ ብንሆን፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላዋን በወጉ ያላጣፋችን ልጅ መቼ ዝም ብለን እናሳልፋለን? የእኛዎቹ ግን ቢያንስ ይቆጧችኋል። እኔን ያነደደኝ ዝምታቸው ነው። ብቆጣ በማን ልቆጣ?

«ቋንቋ ትምህርት ቤት ተመዝግቤ ልምጣ ወይ?» ለምትሉኝም ይኸው። ተማሪ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት የሚችለው በሳምንት 28 ሰዓት ነው፤ ደላላው ይህን ይዘልላታል። በዚያ ደመወዝ የትምህርት ክፍያውንም፣ ኪራዩንም፣ አገር ቤት የተበደራችሁትንም እችላለሁ ማለት ዘበት ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን የጃፓንኛ ፊደሎች እዚያው አገር ቤት ጨርሳችሁ ኑ። ቤት ስትከራዩ ደግሞ ከቀብዱ ሌላ፣ አከራዩን ስላከራያችሁ የምታመሰግኑበት የማይመለስ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቤት ብዙ ነው። አልቀለድኩም።